ማዕድ ላይ ልጆችን ማወዳደር ይቅር በናታችሁ

"እህትህን እያት እስቲ፣ እሷ ጨርሳለች!" የምትለዋ ነገር ከስንት ወላጅ አፍ እንደምትወጣ። ማንም በክፋት አይላትም፣ ልጁ እንዲበላለት ፈልጎ ነው፣ ግን እስቲ የልጁን ፊት እዩት። ወደ ሳህኑ አይደለም የሚያየው፣ እህቱ ላይ ነው የሚያፈጠው። እሷ ደግሞ ባዶ ሳህኗን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፣ ከዛ ጠረጴዛ ስር መራገጥ ይጀመራል፣ ከዛ "ምን ሆናችሁ ነው፣ አርፋችሁ አትበሉም?" ይመጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ይሄን ጠብ የጀመሩት ልጆቹ አይደሉም።

ደግሞ ጉትጎታው ለመብላቱም አይጠቅምም እኮ። እ.ኤ.አ በ2006 የወጣ ጥናት ላይ ትንንሽ ልጆች "ሾርባችሁን ጨርሱ" እየተባሉ ሲጎተጎቱ፣ ዝም ከተባሉበት ጊዜ ያነሰ ነው የበሉት፣ ምግቡንም ብዙ አማረሩት። እንግዲህ በዛ ላይ የወንድም ወይ የእህት ስም ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሌላው ዳኝነቱ ነው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ላይ ሁለት እጅ እኩል ያርፋል፣ ወዲያው ሁለቱም ቀና ብለው የሚያዩት የእናት ወይ የአባትን ፊት ነው፣ እርስ በርስ አይተያዩም! ወላጅ ሁሌ ፈራጅ ከሆነ ልጆቹ የሚማሩት መደራደር ሳይሆን መክሰስ ነው። ሂልዲ ሮስና ጁሊ ስሚዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ5 እስከ 10 ዓመት ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ሽምግልና አሰልጥነው እ.ኤ.አ በ2007 ውጤቱን አሳትመዋል። ነገሩ ቀላል ነው፣ መጀመሪያ መሰዳደብና ንግግር ማቋረጥ የለም ይባላል፣ ከዛ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይለያል፣ አንዱ የሌላውን ስሜት እንዲሰማ ይደረጋል፣ መፍትሄውን ግን ራሳቸው ልጆቹ ያመጡታል። ወላጆቻቸው የሰለጠኑላቸው ልጆች የተሻለ ተደራድረዋል፣ አንዱ የሌላውን ሀሳብም የበለጠ ተረድተዋል።

"ታዲያ ለሁሉም እኩል ልስጥ?" ካላችሁ፣ የግድ አይደለም። አማንዳ ኮዋልና ሎሪ ክሬመር እ.ኤ.አ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ወላጆቻቸው እነሱንና ወንድም እህቶቻቸውን ለየት አድርገው እንደሚይዙ ያውቃሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍትሃዊ ነው ብለው ነው የሚያዩት፣ ምክንያቱ ይገባቸዋላ። ስለዚህ ለታላቁ ብዙ ስታወጡለት ታናሹን "እሱ ስፖርት ሰርቶ ነው የመጣው፣ አንተም ካልጠገብክ ይጨመርልሃል" በሉት፣ በቃ ሁለት ሰከንድ ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ነው ቂም የሚያስይዘው።

ወሬውም ላይ እንደዛው ነው። ብዙ ቤት ጥያቄ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ነው የሚሄደው፣ "ትምህርት እንዴት ነበር?" "ደህና"፣ አለቀ፣ ታናሽየው ገና አፉን ሲከፍት ታላቅየዋ ትመልስለታለች። እኔ በጣም የምወደው ጥያቄውን ወደ ወንድም እህት ማዞር ነው፣ "ያን የሳልከውን ነገር ለእህትህ ንገራት እስቲ፣ እሷ አላየችውም" ማለት። እሷም "አንቺስ ምን ትጨምሪበታለሽ?" ስትባል አራሚ መሆኗን ትታ ሰሚ ትሆናለች። ቀስ እያለ ነው ግን ይለመዳል፣ አንዳንዴ ወላጅ ሳይጠይቅ ራሳቸው ይጀምሩታል።

መማታት ከመጣ ግን ሽምግልና ምናምን የለም፣ መጀመሪያ ማለያየት ነው፣ ወሬው ሁለቱም ከበረዱ በኋላ ይደርሳል።