የሩፋኤል ዕለት፣ በለጠ ጫካ ውስጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት እንድጽፍ የንስሐ አባቴ ካዘዙኝ ወራት አልፈዋል። በጀመርኩ ቁጥር እጄ እየተንቀጠቀጠ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ጳጉሜን 3 ነው። ጅማ ከሌሊት ጀምሮ እየዘነበ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች የሩፋኤልን ዝናብ ሊጠመቁ ደጅ ወጥተው ይጮኻሉ። ልክ ዓመት ሞላው። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔና ባለቤቴ ወደ በለጠ የሄድነው ጉሬዛና ወፍ ለማየት ነበር። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሰቃን አልፋችሁ የምታገኙት፣ ጉም የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ድሮ በየዓመቱ እንሄድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ሦስት ክረምት የትም አልሄድኩም።

እውነቱን ልናገር። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በዝናብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። በዚያች ሰዓት እናቴ ተንበርክካ ስለ እሱ እየጸለየች ነበር። ከአርባው በኋላ ቅዳሴ መሄድ አቆምኩ። ወጥ ቤት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ "ተኝተህ ነበር!" አልኩት እግዚአብሔርን። ሳሎን ያለውን የጌታችንን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ማታ ማታ ሥዕሉን ይመልሰዋል፤ ጠዋት መልሼ አዞረዋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

የዚያን ቀን "ጉሬዛዎቹ ወልደው ይሆናል፣ ነይ እንሂድ" ብሎ ለምኖ ወሰደኝ። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ፒካፓችን ላይ ከኋላ ስድስት ኬሻ አሸዋ ጫነ። ባዶ ፒካፕ ኋላው ስለሚቀልለው ጭቃ ላይ ጎማው ዝም ብሎ ይሾራል። እኔ ግን ለነዳጁ አጉረመረምኩ። ወደ አሸዋው እመለሳለሁ።

ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ጫካው ስንገባ አንዲት ጅረት አለች። ባለቤቴ ወርዶ በዱላ ለካት፤ እስከ ጉልበት ነበረች። ተሻገርን። ጉሬዛዎቹን አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ላይ አገኘናቸው። ጉሬዛ ዝናብ ሲወርድ አይሸሽም፤ ኩርምት ብሎ ጀርባውን ለዝናቡ ይሰጣል። አንዷ እናት ከሆዷ ሥር ግልገሏን ይዛለች፤ አዲስ የተወለደ ጉሬዛ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። ነጭ ጉንጩን ቱራኮም አየን። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ወፍ ብቻ ነው፤ ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ያለው ቀይ ቦግ ይላል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት፤ ፈጣሪ ሲያስጌጥ እንዲህ ነው። ያኔ ግን ይህን ለማለት አፌ አልተፈታም ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ መመለስ ነበረብን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ጅረቷ ጋ ስንደርስ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኖ መሽቷል።

ስህተታችን ይህ ነው፦ የጠዋቱን ልክ ይዘን ማታ ገባን። ጎርፍ ውሃውን ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ የጅረቱን ወለልም ይቆፍራል። ባለቤቴ የሚያውቀውን ሁሉ አድርጓል፤ ቬንትሌተሩ ውሃ እንዳይረጭ ቺንጋውን ፈታ፣ በከባዱ አንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሳይነካ ቀስ ብሎ ገባ። መሃል ስንደርስ የፊት ግራ ጎማ ጠዋት ያልነበረ ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። ኮፈኑ ውሃ ውስጥ ገባ። መብራቶቹ ከጭቃው ውሃ ሥር ቢጫ ሆነው ሲበሩ ይታዩኛል፣ አሁንም።

ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ውሃ አይጨመቅም፤ ሞተር ውሃ ጠጥቶ ከዞረ ቢዬላው፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ይታጠፋል። ከዚያ መስታወቶቹን ዝቅ አደረገና ውሃው ወደ ጋቢናው ገባ። "ለምን ታስገባዋለህ?" ብዬ ጮህኩበት። "ባዶ ጋቢና ይንሳፈፋል፤ ካልሞላ ይወስደናል" አለኝ። ክላክሱን ሦስት ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ነፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ሞተ። በመስኮት ወጥተን ጣራው ላይ ተቀመጥን። ገመድ ነበረን፤ ከመኪናው ጋር ግን አላሰረንም፣ ከተገለበጠ ይዞን ይሰምጣልና። እጅ ለእጅ ተያያዝን።

ውሃውን የምለካው በስፖኪዮው ነበር። በስልክ መብራት አየዋለሁ። አንድ ሰዓት ላይ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ የስፖኪዮውን ታችኛ ጠርዝ ነካ። መስታወቱ መሃል ላይ አንዲት የቡና ቅጠል ተለጥፋለች፤ ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ። መኪናው በየደቂቃው ከሥራችን ይንቀጠቀጣል፤ ትልልቅ ግንድ እየመጣ ጎኑን ይመታዋል። ባለቤቴ በጣቱ እየቆጠረ 41 ኪራላይሶን ይላል፤ ሲጨርስ ከአንድ ይጀምራል። እኔ ዝም። ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሏ ተሸፈነች።

ያኔ ነው የጸለይኩት። ጸሎት ከተባለ። "ወንድሜን ወስደሃል፣ አይበቃህም?" አልኩ። ተሳደብኩ፣ አለቀስኩ። ልቅሶው ሲያልቅብኝ ሳልጠራው "በውኃ ውስጥ ባለፍህ ጊዜ ከአንተ ጋር እሆናለሁ" የሚለው የኢሳይያስ ቃል መጣልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነው፤ ሦስት ዓመት ዘግቼበት ነበር። ዕለቱም ሩፋኤል መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ጦብያን በመንገድ የመራው፣ በወንዙ ዳር ዓሣው ዘሎ ሲመጣበት አብሮት የነበረው መልአክ። "የመንገድ ጓደኛ፣ ድረስልን" አልኩ። ጃንጥላ ተሳልኩ። ከባለቤቴ ጋር ከአንድ ጀምሬ መቁጠር ጀመርኩ።

አራት ሰዓት ገደማ ማዶ ላይ ባትሪ በራ። ክላክሱን የሰሙ የደኑ ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ዋቡብ ይሉታል በኦሮምኛ። ሰባት ነበሩ። አንድ ወጣት ልብሱን አውልቆ ሊገባ ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዙት፤ ውሃው ሁለት ሬሳ ሦስት እንዳያደርገው። ልክ ነበሩ። የግንድ ልብ ፈልጠው እሳት አነደዱ፤ እንዳንተኛ ሌሊቱን ሙሉ በየተራ ሲያወሩን አደሩ። በብርድ ለዛለ ሰው እንቅልፍ ማለት መውደቅ ነው። እነዚያን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዘራቸውን ይባርክ፣ በረታቸውን ይሙላ!

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱን አበራሁ። ቅጠሏ ነበረች። ጫፏ ብቻ፣ ከውሃው በላይ። ባለቤቴን መጥራት አቃተኝ፤ እጁን ጎትቼ አሳየሁት።

ላይኛው ተራራ ላይ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ትንሽ ጅረት ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጎድላል፤ አውቃለሁ። ማን እንዳባራው ግን አትጠይቁኝ።

ጉሬዛዎቹ ሲያገሱ ጎህ ቀደደ። ማዶ ያሉት አባቶች ከእሳቱ ዳር እርጥብ ቅጠል ላይ ሱብሂ ሰገዱ። ከዚያ ገመድ ዛፍ ላይ አስረው ወረወሩልን፤ ውሃው ጭን ድረስ ሆኖ ነበር፣ እየተጎተትን ወጣን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አልብሰውኝ "ረቢቱ ኢሲን ባሴ" አሉኝ፤ ያወጣችሁ እግዚአብሔር ነው ማለታቸው ነው።

መኪናውን አሸዋውን አራግፈን በሦስት ጥማድ በሬ ወደ ኋላ ጎተትነው። ባለቤቴ አራቱን ኢንጄክተር ፈትቶ ሞተሩን ሲያዞረው ውሃው እንደ ምንጭ ፈለቀ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ቢዬላው ግን አልተነካም። መኪናው ከወጣ በኋላ ባለቤቴ ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ብዙ አየ። ያን ሌሊት ግንዱ ሲመታን መኪናው ያልሄደው በሁለት ነገር ነው፦ እኔ ባጉረመረምኩበት አሸዋ፣ እና ጎማችንን ነክሶ በያዘው፣ ሌሊቱን ሙሉ በረገምኩት ጉድጓድ።

ለእኛ የደረሰ ለወንድሜ ለምን አልደረሰም? ይህን ዛሬም እጠይቀዋለሁ፤ አልመለሰልኝም። አሁን ግን ሥዕሉ ፊት ቆሜ ነው የምጠይቀው።

ዛሬ ጠዋት ጃንጥላውን አስገባሁ። የወንድሜንም ስመ ክርስትና ጽፌ ለንስሐ አባቴ ሰጠኋቸው፤ በቅዳሴ እንዲያስቡልኝ።