ሰላም ብዬ ስጽፍ «ስላም» የሚለው ኪቦርድ

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጸሐፊ ነበረች። በታይፕ ጀምራ በኮምፒውተር ጨረሰች። ትሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያስወግድ፣ አንድ ጎረቤታችን ጠቅልሎ ከገዛው ክምር ውስጥ ይህን ኪቦርድ አወጣልኝ። ቤት ይዤው ስገባ እማዬ ከሩቅ አየችው። «ይሄማ የኛ ቢሮ ነው» አለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከምንም ጋር ሳይገናኝ እንዲሁ አንድ መስመር ጻፈችበት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ታሟል ይሄ፤ ድምፁ ልክ አይደለም» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ሰባት ሳምንት ከፈጀው ጥገና በኋላ ያገኘሁትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን እንተዋወቅ። አይቢኤም ሞዴል ኤም ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 1391401 የሚል የክፍል ቁጥርና እ.ኤ.አ. የ1989 ቀን አለው። የተሠራው አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ነው። 101 ቁልፍ አለው፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ይበልጣል። ክብደቱ የሚመጣው ውስጡ ካለው ወፍራም ላሜራ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ሞላ አለ። ቁልፉን ስትጫኑት ሞላው መጀመሪያ ይታመቃል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። ሲታጠፍ ሥሩ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይገፋታል። መዶሻዋ ደግሞ ሜምብሬኑን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበትን ስስ ፕላስቲክ፣ ትመታለች። ያ «ጣ!» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። እማዬ ለዓመታት የሰማችው ድምፅ ማለት ነው።

ላፕቶፕ ላይ ስሰካው አንድ ነገር ተማርኩ። መሰኪያው ክቡ የድሮው ፒኤስ ቱ ነው። ርካሹ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ምንም አልሠራልኝም፤ ሽቦ ከሽቦ ብቻ ነው የሚያገናኘው። ይህ ኪቦርድ ደግሞ በተሠራበት ጊዜ ዩኤስቢ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ቋንቋውን አያውቀውም። ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ሳመጣ ወዲያው ተነሣ።

በአማርኛ ሞከርኩት። እኔ የምጽፈው በድምፅ ነው፤ ማለትም «ሰ» ለማውጣት «ኤስ» እና «ኢ» የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቁልፎች እጫናለሁ። «ሰላም» ብዬ ስጽፍ «ስላም» ወጣ። «አዲስ አበባ» ስል «አኢስ አብባ» አለኝ። «ኢ» እና «ዲ» ሞተዋል ማለት ነው። በድምፅ ስንጽፍ «ኢ» ከሌለ ግዕዙ ሁሉ ሳድስ ይሆናል፤ ጽሑፉ በሙሉ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቆሻሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። 101ዱንም የቁልፍ ክዳን ነቅዬ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብኩ። ክዳኖቹስ አማሩ፤ ፊደሎቹ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተውም አልደበዘዙም፣ ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ የገባ ነውና። ሁለት ምሽት ግን በዚህ አለቀ፣ «ስላም» ያው «ስላም» ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫንኩ የሞተውንም የደከመውንም ጻፍኩ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ወጡ። ፈጽሞ የማይሠሩት «ኢ»፣ «ዲ»፣ «ሲ» እና ቁጥር «3» ናቸው፤ ከላይ ደግሞ «ኤፍ 3» አብሮ ሞቷል። አያችሁት? ኪቦርዱን ፊት ለፊት አስቀምጡና ተመልከቱት፤ «3»፣ «ኢ»፣ «ዲ»፣ «ሲ» ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር ላይ ናቸው። የደከሙት ግን ተበታትነዋል። በግራ ጫፍና በመሃል ያሉ አሥር የሚሆኑ ቁልፎች ጠንከር አድርገህ ካልተጫንካቸው አይጽፉም፤ ድምፃቸውም የታፈነ ነው።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ይናገራል። ሜምብሬኑ ሦስት ስስ ፕላስቲክ ነው። ላይኛውና ታችኛው ላይ የብር ቀለም መስመሮች ታትመዋል፤ መሃለኛው ቀዳዳ ያለው መለያ ነው። አንዱ ላይ 16 መስመር፣ ሌላው ላይ 8 መስመር አለ። እያንዳንዱ ቁልፍ ከ16ቱ የአንዱና ከ8ቱ የአንዱ መስመር መገናኛ ነው። 16 በ8 ሲባዛ 128 ይሆናል፤ 101 ቁልፍ ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ቁልፍ በአንዴ ከሞተ ችግሩ ከቁልፎቹ አይደለም፤ የጋራ መስመራቸው የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ቁልፎች በየቦታው ከደከሙ ግን መካኒካል ነው። ይህንን ሳላውቅ ክዳን ሳጥብ ነበር ያመሸሁት። አሁን ማንም የሞተ ኪቦርድ ቢያመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት የሞቱትን ቁልፎች እጽፋለሁ።

ለመክፈት ከኋላ አራት ባለ ስድስት ጎን ብሎኖች አሉ። ጉድጓዳቸው ጥልቅ ነው፤ ፒንሳ አይደርስም። 5.5 ሚሊ የሆነ ረጅምና ቀጭን ቡሶላ ያስፈልጋል። ከአንድ ጋራዥ ተውሼ ከፈትኩት።

ሽፋኑ ሲነሣ ጠጠር የሚመስል ነገር ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ትናንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ጉልላቶች ናቸው። የሪቬት ራሶች! ይህ ኪቦርድ ቁልፎቹን የያዘውን ፕላስቲክና የኋላውን ላሜራ አጣብቆ የሚይዘው በፕላስቲክ ሪቬት ነው። ፕላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል፣ ራሱ ይረግፋል። ሲረግፍ ሁለቱ አካላት በትንሹ ይላቀቃሉ፤ መዶሻዋ ሜምብሬኑን በደንብ አትመታውም። ስቆጥራቸው 34 ወድቀዋል። የታፈነው ድምፅ ምንጭ ይሄው ነው።

የሪቬቱ መድኃኒት የታወቀ ነው፤ የቀሩትን ራሶች ሁሉ በስለት ቆርጦ በምትካቸው ጥቃቅን ብሎን ማስገባት። መጠኑ ኤም 2 (ውፍረቱ 2 ሚሊ)፣ ርዝመቱ 8 ሚሊ ነው። ብሎኑን በከፊል ከሞቱ ላፕቶፖች ለቀምኩ። ዳዶው ግን አዲስ አበባ ውስጥ አልተገኘልኝም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰው ሲመጣ በእጅ ላከችልኝ። ሁለቱ ሳምንት የሄደው እሱን በመጠበቅ ነው።

እየጠበቅሁ ሜምብሬኑን ሠራሁ። ሦስቱን ፕላስቲኮች ቀስ ብዬ ለያየሁ። ከላይ በግራ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ ሻይ ይመስለኛል። በዚያ ነጠብጣብ ውስጥ የሚያልፍ አንድ የብር መስመር ጠቁሯል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚጮኸውን ቴስተር አንዱን ጫፍ «ሲ» ሥር፣ ሌላውን ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚገናኘው ጭራ ላይ አደረግሁ። ዝም። «ሲ» ሥር ያለውን ጫፍ በመስመሩ ላይ እያንሸራተትኩ ወደ ላይ ሄድኩ። ጥቁሩን ቦታ እንዳለፍኩ ቴስተሩ ጮኸ። ተቆርጦ የነበረው ከ4 ሚሊ አይበልጥም። አምስት ቁልፍ የገደለው ይህ ነው።

ይህንን በስታኞ መበየድ አይቻልም፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የሚሠራው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም ነው። እኔ የተጠቀምኩት የመኪና የኋላ መስታወት ማሞቂያ መስመር የሚጠገንበትን ነው። ቦታውን በአልኮል በራሰ ጥጥ በስሱ ጠረግሁ። ግራና ቀኙን በፕላስተር ሸፈንኩ፣ ቀለሙ ወደ ጎረቤት መስመር እንዳይሻገር። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ ጊዜ ቀባሁ። አንዴ በቂ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ፕላስተሩን ቀለሙ ሳይደርቅ አንሡት፤ ከደረቀ በኋላ ካነሣችሁት ይዞት ይመጣል። አንድ ሙሉ ቀን አደረቅሁት። የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን ስለካው 18 ኦም። ከጭራሽ ዝምታ ወደ 18 ነው የመጣነው፣ ለኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጭራዎቹን ጫፍ በላጲስ አትፈግፍጉ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመክራል፤ ብረት ቢሆን ጥሩ ነበር። ይሄ ግን የታተመ ቀለም ነው፣ ተፈግፍጎ ካለቀ አይመለስም። ደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ሜምብሬኑ ጨርሶ የተበላሸበት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ዩኒኮምፕ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ይህንኑ ዓይነት ኪቦርድ ዛሬም ያመርታል፣ መለዋወጫም ይሸጣል።

ዳዶው ሲመጣ ትራፓኖውን አነሣሁ። 1.6 ሚሊ ፑንታ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ቀጥ አድርጎ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከስፔስ ባሩ በታች ያለው ረድፍ ነው። እዚያ የፕላስቲኩ ጠርዝ ፑንታውን ስለሚገፋው በቀላሉ ይጣመማል። ሁለቱ ተጣመሙብኝ፤ ትቻቸዋለሁ፣ ዙሪያቸው ያሉት ይዘውታል።

መልሶ መግጠሙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቁልፎቹን የያዘው ፕላስቲክ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። በሁለት ወፍራም መጽሐፍ ላይ አሳርፌው ሞላዎቹንና መዶሻዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። ከዚያ የላስቲኩ ምንጣፍ፣ ከዚያ ሜምብሬኑ፣ በመጨረሻ ላሜራው። ላሜራው ጎበጥ ያለ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አይገጥምም። የላይኛውን ረድፍ ብሎን አስይዤ ወደ ታች እየተጫንኩ ወረድኩ። ዳዶዎቹን በጣም አታጥብቁ። እኔ አንዱን ጥግ አጥብቄ «ሺፍት» ሳይነኩት እንደተጫነ ቀረ፤ ግማሽ ዙር ሳላላው ዳነ።

እማዬን ጠራኋት። እሷ ቁልፍ አታይም፤ በመስኮት እያየች ነው የምትጽፈው። ትንሽ ጻፈችና ቆመች።

«ይህቺ ደንቆሮ ናት።»

«የትኛዋ እማዬ?»

«ቀለበት ጣቴ ሥር ያለችው። ትጽፋለች፣ ግን ድምፅ የላትም።»

«ደብልዩ» ናት። ክዳኗን ሳነሣ ሞላዋ በመዶሻዋ ጉጥ ላይ በደንብ አልተቀመጠችም። በወረፎ ጫፍ አስተካክዬ ክዳኗን ኪቦርዱን በጎኑ አቁሜ መለስኩት፤ እንዲህ ሲሆን ሞላው ዋሻው ውስጥ አይንጋደድም። እማዬ እንደገና ጻፈች። ስክሪኑ ላይ «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን» የሚል ወጣ፣ ከነግዕዙ። ይህ ኪቦርድ ሲሠራ የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች የሚለዩበት የጋራ መለያ) ውስጥ አልነበረም፤ የገባው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የቀረኝ የስፔስ ባሩ ማመጣጠኛ ሽቦ ነው። ሲጫኑት ከቀኝ በኩል ይንኳኳል። ትንሽ ወፍራም ግሪስ ልሞክር አስቤያለሁ፤ የሞከራችሁ ካላችሁ የትኛው እንደሚሻል ንገሩኝ። የኤም 2 ዳዶ አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚሸጥ የምታውቁም ጠቁሙኝ፤ ያ ጎረቤታችን ከክምሩ ውስጥ ሁለተኛ ኪቦርድ አግኝቷል፣ እሱም እንደ ጠጠር ይንኳኳል።