ስሟን ብቀይረውስ?

የመጀመሪያውን የፊልም ድርሰቴን ለአክስቴ ያነበብኩላት ለገሃሬ ባለው ግቢያችን፣ ከኒሙ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በረድ የምትለው ወደ አመሻሹ ስለሆነ እስከዚያ ጠበቅን። ታሪኩ የእሷ ነው። በወጣትነቷ በባቡር ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ እየተመላለሰች ጨርቅ ታስገባ ነበር። ፊናንሶቹ፣ ማለትም የጉምሩክ ፖሊሶቹ፣ እንዳያገኙባት ጨርቁን ሆዷ ላይ ጠምጥማ እርጉዝ ትመስላለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም እየሳቀች ትተርከዋለች።

ድርሰቱ ውስጥ ግን ሰፈሩ የማያውቀው አንድ ትዕይንትም ነበረበት። አያቴ የሞተች ጊዜ፣ በሠልስቱ ሌሊት፣ ሁለታችን ብቻ ነቅተን ሳለ የነገረችኝ ነው። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። ድርሰቱ የቆመው ግን በዚያ ትዕይንት ላይ ነበር።

ስሟን ቀይሬዋለሁ። ሰፈሯን ወደ መጋላ አዛውሬያለሁ፤ ረጅሟን ሴት አጭር አድርጌያታለሁ። አንብቤ ስጨርስ ብዙ ዝም አለችና፣ «ስሙ የእኔ አይደለም፤ ሆዱስ የማን ነው?» አለችኝ።

«ማን ያውቅሻል ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ቀፊራ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ታውቀኛለች። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ያውቁኛል። ጨርቅ የጠመጠመችውን ሲያዩ እኔን ነው የሚያዩት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም የእኔ ነው ይላሉ።»

መልስ አጣሁ። የሚታወቀው ታሪኳ የማይታወቀውን ጎትቶ ሊያወጣባት እንደሚችል አላሰብኩም ነበር።

ሕግ ስላልተማርኩ ከአንድ ጠበቃ ጎረቤቴ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋስኩ። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ለታወቁ ሰዎችና ለሕዝብ ጉዳይ በሩን ይከፍታል። አንቀጽ 2044 ስለ ስም ማጥፋት ሲናገር በሕይወት ያለውን ሰው ነው የሚጠብቀው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ነገር ግን የአክስቴ ፊት በፊልሙ አይታይም፤ ስሟም አይጠራም፤ የጻፍኩትም ውሸት አይደለም። የሚያማትም እውነት መሆኑ ነው።

ስም መቀየር እንደማያድን ቀድሞ የታየበት ጉዳይ አለ። የሆሊውዱ ኩባንያ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1932 በሩሲያ ቤተ መንግሥት ተሰሚ ስለነበረው ስለ ራስፑቲን በሠራው ፊልም ውስጥ ናታሻ የምትባል ልዕልት አለች። ከራስፑቲን ገዳዮች የአንዱ ሚስት የነበረችው ልዕልት ኢሪና ዩሱፖቫ ለንደን ላይ ከሰሰች፤ ስሙ ናታሻ ቢሆንም ተመልካች እኔን ነው የሚያስበው አለች። እ.ኤ.አ. በ1934 25,000 ፓውንድ ተፈረደላት። ፊልሞች ላይ «ከማንኛውም ሰው ጋር ያለው መመሳሰል በአጋጣሚ ነው» የሚለው ጽሑፍ እየተለመደ የመጣው ከዚህ ፍርድ በኋላ ነው። እኔም ያንን ዓረፍተ ነገር ድርሰቴ መጨረሻ ላይ ጽፌው ነበር። አክስቴን ፊት ለፊት እያየሁ ላነበው ግን አልቻልኩም።

በአገራችን ደግሞ «ድፍረት» የተባለው ፊልም አለ። በ14 ዓመቷ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላ፣ ራሷን መከላከሏ ታውቆ ነፃ የወጣች ልጅ ታሪክ ነው። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች በተሰበሰበበት፣ የፍርድ ቤት እግድ ደርሶ ቆመ። አቤቱታው ታሪኩ የእሷ ከሆነው ሴት የመጣ ነበር። ፊልሙ በኋላ ለሕዝብ ታይቷል። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ፣ በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስሟ ስትጠራ ልጅቷ ግን ሂሩት መባሏ ነው። ያ ታሪክ መነገር ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ በድሮው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበርና። ግን ለአንዲት ሴት ፍትሕ የሚጮኽ ፊልም የዚያችው ሴት እግድ ሲያቆመው ሳስብ፣ ክርክሩ ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

አክስቴ በመጨረሻ፣ «እስክሞት ጠብቂና ሥሪው» አለችኝ። በሕጉ መሠረት አልተሳሳተችም። እኔ ግን የአክስቴን ሞት የሚጠብቅ ድርሰት መሳቢያዬ ውስጥ እንዲኖር አልፈለግኩም።

ሁለት ገጽ ውል ጻፍን። የትኛው ትዕይንት እንደሚገባ እሷ ትወስናለች፤ ለማንም ከመታየቱ በፊት እሷ ታያለች፤ ከሚገኘው ገቢ ግማሹ የእሷ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ይህንንም ጽሑፍ አስቀድሜ አንብቤላታለሁ፤ የአንድ ጣቢያ ስም አስወጥታኛለች።

በአዲሱ ድርሰት ባቡሩ እዚያ ጣቢያ አይቆምም። አክስቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደ ውጭ ታያለች፤ ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል።