ከባጃጁ ኋላ ያለችው ቀይ ፕላስቲክ

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ አዳማ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ በሞተር ከኋላው እየተከተልኩት ነበር። የግራ ሪፍሌክተሩ፣ ከኋላ የመጣውን ብርሃን መልሶ የሚያበራው ቀይ ፕላስቲክ፣ በሞተሬ መብራት እንደ ፍም ይበራል። የቀኙ ጨለማ ነው። የጂቡቲ ከባድ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ስለነበርን ደነገጥኩና አስቆምኩት።

"ጋሼ፣ ሁለቱንም ዛሬ ነው ያጠብኳቸው" አለኝ።

ስንፈታው ጀርባው ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል።

እኔ ባልዲና ሳፋ የሚያመርት ቤት ውስጥ የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ሞልድ የሚገፋ የኢንጄክሽን ማሽን ሠራተኛ ነኝ። ሞልድ፣ ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት፣ እንጀራዬ ነው። ይህቺን ፕላስቲክ ግን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር። ፊቷ ለስላሳ ነው። ጀርባዋ በጥቃቅን ጥጎች የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ልክ ሁለት ግድግዳና ወለል እንደሚገናኙበት የክፍል ጥግ። ብርሃን ሦስቱን ገጽ ነክቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። የመስታወት ቅብ የለውም። ከአክሪሊክ፣ ሪፍሌክተሩ ከተሠራበት ፕላስቲክ፣ ወደ አየር ሊወጣ የሚሞክር ብርሃን ገጹን ቀጥ ብሎ ከመምታት ከ42 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ማለፍ አይችልም፤ ከፊት ለፊት የመጣው ደግሞ ጥጎቹን የሚመታው በ55 ገደማ ነው። አየሩን ውሃ ሲተካው ግን ወሰኑ ወደ 63 ይወጣል። ብርሃኑ በጀርባ ያመልጣል።

የገረመኝ ሞልዱ ነው። ባለ ስድስት ጎን የብረት ዘንጎች ጫፋቸው በሦስት ገጽ ይሞረድና እስኪያብለጨልጭ ይወለወላል። ከዚያ እንደ እርሳስ እሽግ ይታሰራሉ። በላያቸው ኒኬል በኤሌክትሪክ ይለበጣል። ወፍሮ ሲላቀቅ የሞልዱ ፊት እሱ ነው። የሪፍሌክተሩ ፊት ጎባጣ ከሆነስ? ዘንጎቹ አንዱ ካንዱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እየተሳቡ ጉብታውን ይከተላሉ፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳዩ ይቀራሉ። ይህን ስረዳ እጄን በአፌ ጫንኩ።

የእኛ ባልዲ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሰበሰባል። ትንሽ ቢሰረጉድ ማንም አይጠይቀን። አክሪሊክ የሚሰበሰበው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ያም ሆኖ አንዷ ገጽ ከሰረጎደች ብርሃኑ ይበተናል። ስለዚህ የሚቀልጠው የፕላስቲክ ፍሬ ቀድሞ በደንብ ይደርቃል፣ ሞልዱ ውስጥ ከገባም በኋላ እስኪረጋ ግፊቱ አይለቀውም።

አዲስ ገዝተን ገጠምን። የስልኬን ባትሪ ከዓይኔ አጠገብ ይዤ 50 ርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ በራ?"

ሁለቱም በርተው ነበር።