ስለምነው ቀረ፣ ስተወው መጣ

የቦያችንን ውሃ ማከፋፈል ከተረከብኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ሰበታ መውጫ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን እናለማለን። ቦዩ የአፈር ነው፤ ውሃው ከሚጠለፍበት ራሱ እስከ መጨረሻው ማሳ 2.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ ሥራዬ ሩጫ ብቻ ነበር። ከታች "ውሃ አነሰን" ብለው ሲደውሉ ራስ ላይ ያለውን የውሃ በር ከፍ አደርጋለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመው ይደውላሉ፤ አሁንም እጨምራለሁ። በኋላ ሁሉም ባንዴ ይደርስና ቦዩን ጥሶ ይወጣል። አንድ ቀን ጫፍ ላይ ያሉት እናት የሰላጣ ችግኛቸው ተጠርጎ አገኘኋቸው። "ልጄ፣ ስለምነው ቀረ፣ ስተወው መጣ" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የጎመን ቅጠል ውሃው ላይ ጥዬ አብሬው ወረድኩ። ጫፍ ለመድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀበት። ቦዩ ደርቆ ካደረ ይብሳል፤ አፈሩ መጀመሪያ የራሱን ይጠጣል። ለካ ስልክ ሲደወል መክፈት ማለት ረፍዷል ማለት ነው! አሁን ማን ነገ እንደሚያጠጣ ማታውኑ እጠይቃለሁ። ጾም ሲገባና የገበያ ዋዜማ ሁሉም ይፈልጋል፤ ዝናብ ጠብ ካለ ማንም አይፈልግም።

የሚገባውን ውሃ ለመለካት ላሜራ ላይ ባለ 90 ዲግሪ ቪ (V) አስቆርጬም ቦዩ ራስ ላይ ተከልኩ። ይህን ሞክሩት። በቪው የሚያልፈው ውሃ ከፍታው ከቪው ታችኛ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሴኮንድ 4.4 ሊትር ገደማ ነው። 20 ሲሆን ግን እጥፍ አይደለም፣ ወደ 25 ሊትር ይጠጋል። "ትንሽ ጨመር" እያልኩ የማደርገው ነገር ስንት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ኩሬው ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት በዓባይ ውሃ ከሚለማው የሱዳኑ ገዚራ የመስኖ እርሻ ነው። እዚያ ገበሬው ቀን ቀን ስለሚያጠጣ፣ የሌሊቱን ውሃ ትንንሾቹ ቦዮች ይዘውት ያድሩ ነበር። የእኛ ቦይ ጠባብ ስለሆነ ጫፉ ላይ 6 በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን ፕላስቲክ አነጠፍን። በዚያች 4.4 ሊትር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይሞላል።

የቀረኝ ቦዩ መሃል ላይ ያለው ስርገት ነው። ሸክላ አፈር ጠቅጥቆ ያቆመው ካለ ይንገረኝ።

ትናንት የገበያ ዋዜማ ነበር። እኚያ እናት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከኩሬው ከፍተው ሰላጣቸውን አጠጥተው ጨርሰዋል። ስልኬ አልጮኸም።