የመውጫ ወረቀት ያለው ይውጣ

ታኅሣሥ 2017 አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያደረ ሰው አይረሳውም። አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ዕረፍት አጥቶ ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ አምፖል ያወዛውዛል፣ አልጋ ይገፋል። በ26 ሌሊት የመጣው መንቀጥቀጥ ደግሞ መጠኑ ከ5.5 ያላነሰ ነው ተባለ። ሰኞ የገና ዋዜማ ነበር፤ ቢሮ ስንገባ የበግ ዋጋ እንኳ ሁለተኛ ወሬ ሆኗል።

ከበዓሉ በኋላ አለቃችን "ልምምድ ይደረግ" አሉ። ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ፎቅ ላይ ነው። ጠቅላላ አገልግሎት ስለሆንኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። አሠልጣኝ መጡ። ሲንቀጠቀጥ አትሩጡ፤ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። ሲቆም በደረጃ ውጡ፣ ሊፍት እንዳትነኩ። ዕቃ ትታችሁ ውጡ። ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። "ጥያቄ ያለው?" ሲሉ አንዱ እጁን አወጣ።

"ሻይ ቡና አለው?"

በቀኑ ደወሉ ጮኸ። ግማሹ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ የገቡትን ይቀርጻል። ከዚያ በደረጃ መውረድ ሆነ። ታች ስንደርስ ሰልፉ ቀጥ አለ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመዋል።

"የንብረት መውጫ?"

የፋይናንሷ ልጅ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋለች። "ጋሼ፣ መሬት እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ!"

"ይንቀጥቀጣ። ፈቃዱ የታለ?"

ከኋላ ግፊያው ባሰ። ተሽሎክሉኬ ፊት ደረስኩ። "ጋሼ፣ ልምምድ ነው። ደብዳቤ ደርሶዎታል።"

"ደርሶኛል። ሰው ይውጣ ይላል። ላፕቶፕ ይውጣ አይልም።"

"እሺ፣ የእውነት ቢሆንስ?"

"ልጄ፣ እኔ የማጀቴ ሰው ነኝ። በ1953 ካራ ቆሬ በኩል መሬት ሲናወጥ የፈረሰው የእኛ አገር ነው። አባቴ ሲያወራው ነው ያደግኩት። የመሬት መንቀጥቀጥ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?" አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። "ያኔ ላፕቶፕ ይዞ የወጣ የለም።"

ልጅቷ ግን ፍንክች አላለችም። "ላፕቶፑ ወጪ የሆነበትን ሞዴል 22 የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሕንፃው ቢደረመስ እንኳ ክፈይ መባሌ አይቀርም።" ማንም አልተከራከራትም። ከመኪና ለተሰረቀ ኮምፒውተር ሾፌራችንን በየወሩ ከደሞዙ የሚያስቆርጡት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደረጃው ላይ ከኋላችን ነበሩ። እሳቸውም አልተከራከሩም።

በመጨረሻ ጥበቃው ጠረጴዛቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። "እዚህ ጣሉትና ውጡ።" ላፕቶፑ ተከመረ፤ ሰው ወጣ።

አሠልጣኙ ውጭ ሆነው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። መጥተው ጥበቃውን ጨበጧቸው። "ዕቃ ትታችሁ ውጡ ያልኩትን የሰማኝ እኚህ ሰው ብቻ ናቸው" አሉ። ተጨበጨበ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ሰውዬው አልሰሙም እኮ! ሥልጠናው ላይ አልነበሩም። ጥበቃ የኤጀንሲ ቅጥር ነው፣ የእኛ ሠራተኛ አይደለም ተብሎ ስማቸው ከዝርዝሩ ወጥቷል። በሩን የሚይዘው ሰው ማለት ነው።

የመሰብሰቢያ ቦታ የሚለው አረንጓዴ ታፔላ ደግሞ የተተከለው መስታወቱ ሥር ነው። አሠልጣኙ ቀና ብለው አዩት። "ይሄ ሲረግፍ የት ነው የሚያርፈው?" ሌላ ባዶ ቦታ የለንም፤ የቀረው የኃላፊዎች መኪና ማቆሚያ ነው። ታፔላው አልተነሳም።

ሪፖርቱ "ልምምዱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" ብሎ ወጣ። የበሩ ነገር የለበትም። የንብረት ክፍል ግን ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። "የአደጋ ጊዜ የንብረት መውጫ ፈቃድ" የሚል ቅጽ አሳተመ፤ በሦስት ኮፒ። የመውጫ ምክንያት ይሞላበታል፤ ንብረቱ የሚመለስበት ቀንም ይሞላበታል። ማን እንደሚፈርም ኃላፊውን ጠየቅኳቸው።

"እኔ ነኛ።"

"በዚያ ሰዓት እርስዎም እየሸሹ ቢሆንስ?"

"ውክልና እሰጣለሁ።"