የአቅጣጫ ዕድልን ስሌት ስከልስ፦ ዜሮ በየትኛው ጎን ይቆጠራል?

ለአር የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በተዘጋጀ አንድ የኦፕን ሶርስ የስታቲስቲክስ ፓኬጅ ውስጥ የአቅጣጫ ዕድልን (አንድ ውጤት አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ስለመሆኑ ያለንን እርግጠኝነት) የሚያሰላውን ፈንክሽን የመከለስ ሥራ ወስጄ ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከፖስቴሪየር ስርጭት (ዳታው ከታየ በኋላ ፓራሜትሩ፣ ማለትም የምንገምተው የውጤት መጠን፣ ሊይዛቸው የሚችላቸው ዋጋዎች ከነዕድላቸው) ከተወሰዱት ናሙናዎች ምን ያህሉ ከዜሮ በላይ፣ ምን ያህሉ ከዜሮ በታች እንደሆኑ ቆጥሮ ትልቁን ድርሻ ይመልሳል። ይህን ድርሻ ከአንድ ቀንሰን ቀሪውን በሁለት ብናባዛው ከባለሁለት ጎን ፒ-ዋጋ (ውጤት ባይኖር ኖሮ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያንስ ይህን ያህል ከዜሮ የራቀ ዳታ የማግኘት ዕድል) ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ስለምናገኝ፣ 0.975 የሆነ የአቅጣጫ ዕድል በተለምዶ ደንበር ከሚደረገው 0.05 ጋር ይገጥማል። ብዙ ተጠቃሚዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው።

ነባሩ ኮድ አሉታዊዎቹን ብቻ ቆጥሮ ሌላኛውን ጎን ከአንድ በመቀነስ ያገኝ ነበር። ፓራሜትሩ ማንኛውንም ዋጋ ያለ ክፍተት ሊይዝ የሚችል እስከሆነ ድረስ አንድ ናሙና ልክ ዜሮ ላይ የማረፍ ዕድል ስለሌለው፣ ሁለቱ ጎኖች ተደምረው አንድ ይሞላሉ፤ አቋራጩም ጉዳት የለውም። ስፓይክ-ኤንድ-ስላብ ፕራየር (ዳታው ከመታየቱ በፊት ከዕድሉ ከፊሉን ልክ ዜሮ ላይ፣ ቀሪውን በሌሎች ዋጋዎች ላይ የሚያስቀምጥ መነሻ ግምት) ስንጠቀም፣ ወይም ፓራሜትሩ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሞዴሎች በየክብደታቸው ስናዋህድ ግን የፖስቴሪየሩ ጉልህ ክፍል በትክክል ዜሮ ላይ ይከመራል።

ችግሩን ለማሳየት 4000 ናሙናዎች አዘጋጀሁ፦ 2600 ዜሮ፣ 1300 አዎንታዊ፣ 100 አሉታዊ። ነባሩ አቋራጭ 0.975 መለሰ። ከግማሽ በላዩ «ውጤት የለም» የሚል ስርጭት ሰዎች ትልቅ ግምት የሚሰጡትን ቁጥር ይዞ ወጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ላይ ረጅም ክርክር ተነሣ። ዜሮዎቹን አውጥተን በቀሪዎቹ 1400 ብናካፍል 0.929 እናገኛለን፤ ይህ ግን «ውጤት ካለ ወዴት ያዘነብላል?» ለሚል ሌላ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ዜሮዎቹን ለሁለቱ ጎኖች እኩል ብናከፋፍል 0.65 ይመጣል፤ ነገር ግን ናሙናው በሙሉ ዜሮ ቢሆንም ውጤቱ 0.5 ስለሚሆን፣ እኩል ለሁለት ከተከፈለ ስርጭት መለየት አይቻልም። እኔ የደገፍኩት ሁለቱንም ጎኖች ለየብቻ ቆጥሮ በጠቅላላው 4000 ማካፈልን ነው፤ ውጤቱ 0.325 ይሆናል፤ ናሙናው ሁሉ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ዜሮ ይወርዳል። በተለመደው ስርጭት ለ0.5 የቀረበ ዋጋ የውጤትን አለመኖር አይደግፍም፤ እዚህ ግን ለዜሮ የቀረበ ዋጋ ይደግፋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ፒ-ዋጋ መቀየሪያው መስተካከል ነበረበት። 0.325ን በዚያው ቀመር ብንቀይር 1.35 ይሰጣል፤ ከአንድ የሚበልጥ ፒ-ዋጋ ደግሞ የለም። ስለዚህ ከ0.5 በታች ሲሆን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የጎደለ ዋጋ (ቁጥር የለም የሚል ምልክት) እንዲመልስ አደረግሁ። በከርነል (እያንዳንዱን ናሙና በዙሪያው በማለስለስ) የስርጭቱን ጥግግት የሚገምተው አማራጭም ዜሮ ላይ ያለውን ክምር ግራና ቀኝ ስለሚያሰራጨው፣ ሳይናገር ወደ 0.65 ገደማ ይመልሰናል፤ እንዲህ ላለ ስርጭት ቀጥታ ቆጠራ ብቻ እንደሚያገለግል በሰነዱ ላይ ጻፍሁ።

በሪቪው ወቅት «ለዜሮ በጣም የቀረበውንስ ለምን ዜሮ አንለውም?» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኮምፒውተር 0.1ንና 0.2ን ደምሮ 0.3 ሲቀንስ ዜሮን ሳይሆን እጅግ ትንሽ አዎንታዊ ቁጥር ይሰጣል። ሆኖም በዜሮ ዙሪያ ወሰን ማበጀት በተግባር ከዜሮ የማይለይ የሚባለውን ክልል መለካት ነው፤ ለዚያ ራሱን የቻለ ፈንክሽን አለ። ስለዚህ ማጠጋጋቱን ናሙናውን ለሚያዘጋጀው ሰው ተውነው።

የጎደሉ ዋጋዎች ብዙ አላከራከሩም፤ ተጠቃሚው እንዲወገዱ ካላዘዘ በቀር ውጤቱም የጎደለ ይሆናል። በመጨረሻ ያከልሁት ስለ ትክክለኛነት መጠን የሚያስረዳ አንቀጽ ነው። 4000 ናሙናዎች እርስ በርስ ነጻ ቢሆኑ እንኳ 0.975 አካባቢ የሚኖረው መደበኛ ስሕተት (ግምቱ በናሙና ዕጣ ምክንያት በተለምዶ የሚዋዥቅበት መጠን) 0.0025 ገደማ ስለሆነ፣ 0.974ንና 0.976ን በደንበር ግራና ቀኝ አቁሞ መለየት ትርጉም የለውም። ፈንክሽኑ 1 ሲመልስም ከ4000ዎቹ አንዱም ወደ ሌላኛው ጎን አልወጣም ማለት ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀየረው ፒ-ዋጋ «0» ተብሎ ሳይሆን «ከ0.0005 በታች» ተብሎ እንዲዘገብ መከርሁ።